መጋረጃው እስኪወርድ

ከመድረኩ ጎን ካለው በር አንሥቶ እስከ ተፈታኙ ወንበር ድረስ ምንጣፍ ይነጠፋል። ለክብር አይደለም። ባለ ተረከዝ የሴት ጫማ በእንጨት ወለል ላይ የሚያሰማው ኮቴ ከወንድ ጫማ ስለሚለይ፣ ተፈታኙን እንዳያዩ ከተዘረጋው መጋረጃ ማዶ የተቀመጡት ዳኞች አንድ ኖታ ሳይሰሙ የመጣችው ሴት መሆኗን ሊያውቁ ይችላሉ። ምንጣፍ ባይኖር ተፈታኞች ጫማ አውልቀው እንዲገቡ ይደረጋል፤ ወይም አስተባባሪው ራሱ ጠበቅ አድርጎ እየረገጠ አብሮ ይሄዳል፣ የአንዱ ኮቴ በሌላው እንዲዋጥ። የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች አዲስ ሙዚቀኛ ሲቀጥሩ የሚያደርጉት ጥንቃቄ እስከዚህ ድረስ ይወርዳል።

በኪነ ጥበቡ ዓለም በማንነት ላይ የተመሠረተ አድልዎን ለመከላከል እንዲህ ያለ የሚጨበጥ ነገር፣ ጨርቅ፣ ምንጣፍና ቁጥር፣ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የተሞከረበት ሌላ ሙያ አላውቅም። ተዋናይን መጋረጃ ጀርባ አቁሞ መቅጠር አይቻልም። ዘፋኝም ገና አፍ ስትከፍት ሴትነቷ ይታወቃል። ቫዮሊን ግን ፆታ የለውም፣ ትሮምቦንም የቆዳ ቀለም የለውም። «ችሎታን ብቻ እንመዝናለን» የሚለው ቃል የትም ባይሠራ እዚህ ሊሠራ ይገባ ነበር። የት ድረስ እንደሠራና የት ላይ እንደተሰበረ ማየት፣ ለሌላውም የኪነ ጥበብ ዘርፍ ብዙ ይነግራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከ1970ዎቹ በፊት ቦታ ሲለቀቅ ጉዳዩ ባብዛኛው በዋናው የሙዚቃ መሪና በአንጋፋዎቹ ተጫዋቾች መካከል ያልቅ ነበር። የቫዮሊኑ አንጋፋ የራሱን ተማሪ ይጠቁማል፤ የክላሪኔቱም እንዲሁ። የተማሪዎቹ ክፍል ደግሞ በነጭ ወንዶች የተሞላ ነበር። «የሰው ሰው» የምንለው ነገር ማለት ነው፤ ማንም ማንንም ለማግለል ቃለ ጉባኤ አልያዘም፣ ወንበሩ ግን ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ እዚያው ቤት ይቀራል። የቦስተን ሲምፎኒ በ1952 መጋረጃን ቀድሞ ሞክሮት ነበር፤ ለረጅም ጊዜ ግን ብቻውን ቀረ።

ነገሩን ወደ አደባባይ ያወጡት ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ደብል ቤዝ ተጫዋቹ አርተር ዴቪስና ቼሎ ተጫዋቹ ኧርል ማዲሰን በ1969 የኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ በዘር አድልዎ ፈጽሞብናል ብለው ለከተማዋ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን አቤት አሉ። በዚያን ጊዜ ኦርኬስትራው ውስጥ የነበረው ጥቁር ሙዚቀኛ አንድ ብቻ ነበር፤ በ1962 የተቀጠረው ቫዮሊኒስት ሳንፎርድ አለን።

ውሳኔው በ1970 ሲወጣ ሁለት ፊት ነበረው። ሁለቱ ሰዎች በቋሚ ቅጥር በዘራቸው ምክንያት ተገፍተዋል ብሎ ኮሚሽኑ አልፈረደም። በተተኪና በተጨማሪ ሙዚቀኞች አጠራር ላይ ግን ኦርኬስትራው የተለመደ የአድልዎ አሠራር እንዳለው አረጋገጠ። ለእኔ ግን ቁልፉ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። አንድ ቫዮሊኒስት ታምሞ ሲቀር፣ ወይም ለአንድ ትልቅ ሥራ አራት ተጨማሪ ሰው ሲያስፈልግ፣ ማንም ፈተና አያዘጋጅም። አንድ ሰው ስልክ አንሥቶ የሚያውቀውን ይጠራል፤ ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያውቀው የሚመስለውን ነው። ተጠርቶ የሄደው በዚያ ሳምንት ገንዘብ ብቻ አያገኝም፤ የኦርኬስትራውን ድምፅ፣ የመሪውን ልማድ፣ የአዳራሹን ማስተጋባት ይማራል። በሚቀጥለው ዓመት ቋሚ ቦታ ሲከፈት መጋረጃው ጀርባ ሲቀመጥ ልምምዱን የሠራው በዚያው አዳራሽ ነው። መጋረጃ ከመዘርጋቱ በፊት ውድድሩ ተጀምሯል።

አርተር ዴቪስ ከታዋቂው የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ከጆን ኮልትሬን ጋር የተጫወተ፣ በጃዝም በክላሲካልም የተመሰከረለት ሰው ነበር። ከክሱ በኋላ ሥራ ራቀው። ወደ ትምህርት ተመልሶ በ1981 በክሊኒካል ሥነ ልቦና የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ። አቤቱታ ማቅረብ ስንት እንደሚያስከፍል የሚጠይቅ ቢኖር ይህን ታሪክ ያንብብ።

በ1970ዎቹ መጋረጃው ተስፋፋ። አሁን ያለው አካሄድ ባጭሩ እንዲህ ነው። ቦታ ሲለቀቅ በሙዚቀኞች ማኅበር ጋዜጣ ማስታወቂያ ይወጣል። አመልካቹ አንድ ገጽ ሲቪ ይልካል፤ ብዙ ኦርኬስትራዎች የሚመለስ ማስያዣ ገንዘብም ይጠይቃሉ፣ ተመዝግቦ የሚቀር እንዳይበዛ። ለአንድ ወንበር ከመቶ በላይ ሰው ማመልከቱ የተለመደ ነው። ከፈተናው ሳምንታት አስቀድሞ የሚጠየቁት ቅንጫቢዎች ዝርዝር ይላካል። ለቫዮሊን አንድ የሞዛርት ኮንቼርቶ መግቢያና የሪቻርድ ስትራውስ «ዶን ጁዋን» የመጀመሪያ ገጽ ከዝርዝሩ አይጠፉም ማለት ይቻላል፤ ያቺን አንድ ገጽ ዓመታት የሚለማመዷት አሉ። በዕለቱ ተፈታኙ ቁጥር ያወጣል። ከዚያ በኋላ ስም የለውም። የመጀመሪያው ዙር ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል፣ ሦስተኛው ቅንጫቢ ላይ ሲደርስ «እናመሰግናለን» ይባላል። ከመጋረጃው ማዶ ከ7 እስከ 11 የሚሆኑ የኦርኬስትራው አባላት ተቀምጠው «ይለፍ» ወይም «አይለፍ» ብለው በምስጢር ድምፅ ይሰጣሉ። ግማሽ ፍጻሜ ይከተላል፣ ከዚያ ፍጻሜ። በፍጻሜው ዋናው የሙዚቃ መሪ ይገኛል፤ በብዙ ቦታም መጋረጃው የሚወርደው እዚህ ላይ ነው። አሸናፊ ቢኖርም ገና ቋሚ አይደለም፤ አንድ ወይም ሁለት ዓመት የሙከራ ጊዜ አለበት። ሁለት ቀን ሙሉ ተሰምቶ ማንም ሳይመረጥ መበተንም ያለ ነው።

በዚህ መሃል የሚበላሸው ነገር ብዙ ነው። ተፈታኙ ጥያቄ ሲኖረው በቀጥታ ከተናገረ ድምፁ ያጋልጠዋል፤ ስለዚህ ለአስተባባሪው በጆሮው ሹክ ይላል፣ አስተባባሪው ጮክ ብሎ ያስተላልፋል። አስተባባሪው ራሱ «እሷ ዝግጁ ናት» ካለ መጋረጃው በአንድ ቃል ተቀደደ። ሳል፣ የትንፋሽ አሳሳብ፣ የመለማመጃ ክፍሉ ከአዳራሹ ጋር ተጣብቆ ድምፅ ማሳለፉ፣ እነዚህ ሁሉ ቀዳዳዎች ናቸው። ዋናው ቀዳዳ ግን ሌላ ነው፤ አንዳንድ ሰዎችን ከመጀመሪያው ዙር ነፃ ማድረግ። በሌላ ትልቅ ኦርኬስትራ የሚሠራ፣ ወይም እዚያው ለረጅም ጊዜ ተተኪ የነበረ ሰው በቀጥታ ወደ ግማሽ ፍጻሜ ይገባል። ለአሠራር ይመቻል፣ ጊዜ ይቆጥባል። ነገር ግን መቶ ሰው በቁጥር ሲጣራ ሦስቱ በስማቸው አልፈዋል ማለት ነው፤ እነዚያ ሦስቱ ስልክ የተደወለላቸው መሆናቸውን ደግሞ ከላይ አይተናል።

ዓይን ምን ያህል ጆሮን እንደሚያታልል በ2013 የታተመ የቺያ ጁንግ ሳይ ጥናት አሳይቷል። የሙዚቃ ውድድር የመጨረሻ ሦስት ተወዳዳሪዎችን ቅጂ ለሰዎች አቅርባ አሸናፊውን ገምቱ አለቻቸው። ድምፅ ብቻ የሰሙት ከዕጣ የተሻለ አልገመቱም። ድምፅ የሌለው ምስል ብቻ ያዩት ግን ግማሽ ያህሉን ጊዜ አገኙት። ሙያተኞቹም እንዲሁ ሆኑ፤ ከመጀመሪያው ግን ድምፁ ይበልጣል ብለው ነበር። እንግዲህ እውነተኞቹ ዳኞች አሸናፊውን ሲመርጡ ምን እያዩ እንደነበር አስቡት።

ስለ መጋረጃው ውጤት ሁሉም የሚጠቅሰው የኢኮኖሚክስ ምሁራኑን የክላውዲያ ጎልዲንና የሴሲሊያ ራውስን የ2000 ጥናት ነው። በ1970 በአምስቱ ታላላቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ሴቶች ከ5 በመቶ በታች ነበሩ፤ በ1990ዎቹ ወደ 25 በመቶ ደርሰዋል። አጥኚዎቹ መጋረጃው አንዲት ሴት የመጀመሪያውን ዙር የማለፍ ዕድሏን 50 በመቶ ከፍ እንዳደረገ ጻፉ። ይህች ቁጥር በየንግግሩና በየሥልጠናው ትደጋገማለች። ጥናቱን ራሱን ላነበበው ግን ነገሩ እንዲያ ጥርት ያለ አይደለም፤ ናሙናው ትንሽ ነው፣ የስሕተት ክልሉ ሰፊ ነው፣ በግማሽ ፍጻሜው ዙርም ውጤቱ ተገልብጦ ሴቶችን የጎዳ ይመስላል። የስታቲስቲክስ ሰዎች በ2019 ይህን አንሥተው ሞግተዋል። መጋረጃውን የምደግፍ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም «50 በመቶ» እያልን መዘመሩን ብንተው ይሻላል። ደካማ ማስረጃ ላይ የተሰቀለ መጋረጃ በቀላሉ ይወርዳል።

ከቁጥር ይልቅ አንድ ሰው ላይ የሆነውን መከተል ይበልጥ ያስተምራል። በ1980 የሙኒክ ፊልሃርሞኒክ ለትሮምቦን መሪ ተጫዋች (ለክፍሉ አንደኛ ወንበር ማለት ነው) ፈተና አወጣ። 33 ተፈታኞች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ በከተማው የሚታወቅ ሙዚቀኛ ልጅ ስለነበረ፣ ዝምድና እንዳይታማ ተብሎ የመጀመሪያው ዙር በመጋረጃ ሆነ። ስለ ሴቶች ማንም አላሰበም። ቁጥር 16 ተጫወተ፣ አለፈ፣ በመጨረሻም አሸነፈ። ቁጥር 16 አቢ ኮናንት ትባላለች፤ አሜሪካዊት ናት። የጥሪ ደብዳቤዋ ላይ «አቶ አቢ ኮናንት» ተብሎ ተጽፎ ነበር።

አንድ ዓመት በሙከራ ሠራች። በ1982 ወደ ሁለተኛ ትሮምቦን ዝቅ ተደረገች፤ መሪ ሆኖ የሚጫወተው ወንድ መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ አልተደበቀም ነበር። ስትከስስ የአካል ብርታት ይጎድላታል ተባለ። ወደ ሳንባ ክሊኒክ ሄዳ የትንፋሽ አቅሟን አስለካች። ከመጋረጃ ጀርባ ሳለች ማንም ያልጠረጠረው ሳንባ ነው ይሄ። ፍርድ ቤት በ1988 ወደ ቦታዋ መለሳት፤ ያኔ ደግሞ ደመወዟ ከሌሎቹ መሪ ተጫዋቾች ዝቅ እንዳለ ታወቀ፣ ሌላ ክርክር። ሁሉም ሲያልቅ 1993 ነበር። 13 ዓመት። ፈተናው የወሰደው ደቂቃዎች ነው።

ይህን ታሪክ «መጋረጃው ሠራ» ብለው የሚተርኩት አሉ። አዎ፣ ቅጥሩ ላይ ሠራ። ከዚያ በኋላ ያለው 13 ዓመት ግን መጋረጃ ያልነበረበት ነው።

በዚያው ዘመን በርሊን ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ። ክላሪኔት ተጫዋቿ ሳቢነ ማየር በዋናው የሙዚቃ መሪ በሄርበርት ፎን ካራያን ፍላጎት ወደ በርሊን ፊልሃርሞኒክ መጣች፤ የኦርኬስትራው አባላት ግን 73 ለ 4 በሆነ ድምፅ አልተቀበሏትም። ኦርኬስትራው የመጀመሪያዋን ሴት፣ ቫዮሊኒስት ማድሌን ካሩዞን፣ የቀጠረው ገና በዚያ በ1982 ነበር። በእርግጥ የማየር ጉዳይ በካራያንና በአባላቱ መካከል የነበረ የሥልጣን ግብግብም ነበረበት፤ ሁሉንም በፆታ ብቻ መፍታት አይገባም። እኔ የማተኩረው በይፋ በተሰጠው ምክንያት ላይ ነው፤ ድምፅዋ ከሌሎቹ ጋር አይዋሐድም የሚል ነበር። «አይዋሐድም» የሚለው ቃል የሚለካበት መሣሪያ የለም። እውነትም ሊሆን ይችላል፣ ሽፋንም ሊሆን ይችላል፤ የሰሙት ብቻ ናቸው የሚያውቁት፣ እነሱም ለራሳቸው ላይታወቃቸው ይችላል። ቪየና ውስጥም የአንድነት ድምፅ፣ የወግ መጠበቅ ይባል ነበር። የሃርፕ (የአውሮፓውያኑ በገና) ተጫዋቿ አና ሌልኬስ ከ20 ዓመት በላይ አባል ሳትባል አብራ ስትጫወት ቆይታ፣ የቪየና ፊልሃርሞኒክ ሴቶችን ለመቀበል የወሰነው በየካቲት 1997 ነው። በማንኛውም የቅጥር ውሳኔ ላይ «አይዋሐድም»፣ «ከመንፈሳችን ጋር አይሄድም»፣ «የኛ ዓይነት አይደለም» የሚል ቃል ሲመጣ፣ ዳኛው ምን እንደሰማ በኖታ ላይ ጣቱን አስቀምጦ እንዲያሳይ መጠየቅ ነው። የትኛው መሥመር? የቱ ላይ ቃናው ከፍ አለ? የቱ ላይ ቀደመ? ማሳየት ካቃተው ያ አስተያየት ከነጥቡ ይውጣ።

አሁን ወደ ዘር እንመለስ፤ መጋረጃው ትልቁን ሽንፈት ያየው እዚህ ነውና። በኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ በ2022 ሴቶች 45፣ ወንዶች 44 ሆኑ፤ በ180 ዓመት ታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ። በ1969 አንድ ጥቁር አባል የነበረው ይኸው ኦርኬስትራ በ2020 ስንት ነበረው? አንድ። ከ106 ቋሚ ተጫዋቾች ውስጥ የክላሪኔቱ መሪ አንቶኒ ማክጊል ብቻ። በአገር አቀፍ ደረጃ ጥቁሮች በ2014 ከኦርኬስትራ ሙዚቀኞች 1.8 በመቶ ነበሩ፤ የኦርኬስትራዎቹ ማኅበር በ2023 ባወጣው ዘገባ 2.4 በመቶ። ጨርቁ ያው፣ ምንጣፉ ያው። ለሴቶች የከፈተው በር ለጥቁሮች ለምን አልተከፈተም?

መልሱ መጋረጃው ጋ ከመድረሱ በፊት ባለው መንገድ ላይ ነው። ነጭ ሴቶች ከወንድሞቻቸው ጋር በአንድ ቤት አድገው፣ በአንድ ትምህርት ቤት ተምረው፣ አንድ ዓይነት ቫዮሊን ተገዝቶላቸው ነበር፤ የቀራቸው የመጨረሻው ደጅ ነበር። ለብዙ ጥቁር ልጆች ግን የተዘጋው የመጀመሪያው ደጅ ነው። ለፈተና የሚያበቃ ተጫዋች አሥራ አምስት ዓመት ሳምንታዊ የግል ትምህርት ይፈልጋል። ለሙያ የሚሆን ቫዮሊን በአሥር ሺሕዎች ዶላር ይቆጠራል፣ ቀስቱ ለብቻው ሌላ ዋጋ አለው። ከዚያ ፈተናው ራሱ፤ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴል፣ በዚያ ሳምንት የቀረ ሥራ። ደብል ቤዝ ከሆነ ደግሞ መሣሪያው ቁም ሣጥን በሚያህል ሣጥን ታሽጎ ነው የሚበረው፣ አየር መንገዱ ከተቀበለ። ሰው አንዱን ቦታ ከማግኘቱ በፊት አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ ሊፈተን ይችላል። ይህን ሁሉ አባዝታችሁ ድምሩን ተመልከቱ። መጋረጃው እዚህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ስለዚህ በ2020 «መጋረጃው ይነሣ፣ ማንነትም ይታይ» የሚል ክርክር በኒውዮርክ ጋዜጦች ሲነሣ ብዙ ሰው ደግፎት ነበር። እኔ አልደግፈውም። ምክንያቴ ከ1989 የዲትሮይት ታሪክ ይጀምራል። የሚሺጋን ግዛት ሕግ አውጪዎች የዲትሮይት ሲምፎኒ ጥቁር ሙዚቀኛ ካልጨመረ የመንግሥት ድጎማ እናስቀራለን አሉ፤ ኦርኬስትራውም የቤዝ ተጫዋቹን ሪቻርድ ሮቢንሰንን ያለ ፈተና ቀጠረው። ሰውየው ለረጅም ጊዜ እዚያው በተተኪነት ያገለገለ፣ የሚችል ሙዚቀኛ ነበር። እሱ ራሱ ግን እንደማንም ተፈትኖ ቢገባ ይመርጥ ነበር። ችሎታ ያለውን ሰው ወንበር ሰጥተው ማረጋገጫውን ነፈጉት። በኦርኬስትራ ውስጥ ደግሞ አጠገብህ ያለው ሰው በየምሽቱ ይመዝንሃል።

ይልቅ የሚሠራው መንገዱን ማስተካከል ነው። በዲትሮይት አካባቢ በ1997 በአሮን ድዎርኪን የተመሠረተው ስፊንክስ የሚባለው ድርጅት ለጥቁርና ለላቲኖ ወጣት ተጫዋቾች ውድድርና ሥልጠና ያዘጋጃል። በ2018 ደግሞ ከሌሎች ጋር ሆኖ ለፈተና ጉዞ ገንዘብ የሚሰጥ፣ የልምምድ ፈተና የሚያዘጋጅ፣ መካሪ የሚመድብ ጥምረት መሠረተ። በአሜሪካ ያደጉ የሐበሻ ልጆች ቫዮሊን ይዘው በየትምህርት ቤቱ እየታዩ ነው፤ ወላጆቻቸው ይህ በር ለእነሱም ክፍት መሆኑን ቢያውቁ ጥሩ ነው። የልምምድ ፈተና የሚለውን ቀላል አድርጎ ማየት አይገባም። ሙያተኛ ዳኛ ፊት፣ መጋረጃ ጀርባ፣ በቁጥር ተጠርቶ፣ እጅ ሳይሞቅ በአንድ ጊዜ መጫወት ራሱን የቻለ ችሎታ ነው፤ አምስት ጊዜ የሞከረውና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀመጠው እኩል አይጫወቱም።

ወንበሩ ከተገኘም በኋላ ደመወዝ አለ። ኤሊዛቤት ሮው በ2004 በመጋረጃ ፈተና አልፋ የቦስተን ሲምፎኒ የፍሉት መሪ ሆነች። በ2018 በማሳቹሴትስ አዲሱ የእኩል ክፍያ ሕግ ሥራ ላይ በዋለ ማግሥት ከሰሰች፤ በአጎራባቿ ወንበር የሚቀመጠው የኦቦ መሪ ከሚያገኘው 75 በመቶ ያህል ነው የሚከፈለኝ ብላ። ባልደረባዋ ራሱ ችሎታዋን መሰከረላት። በ2019 መጀመሪያ በስምምነት አለቀ። ልዩነቱ የሚፈጠረው እንዲህ ነው፤ የሙዚቀኞች ማኅበሩ ውል ዝቅተኛውን ደመወዝ ለሁሉም ይወስናል፣ መሪ ተጫዋቾች ግን ከዚያ በላይ ያለውን እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይደራደራሉ። ቀድሞ ከነበረው ደመወዝ ላይ ተነሥቶ የሚደራደር ሰው የቀድሞውን አድልዎ ይዞት ይመጣል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የአሜሪካ ኦርኬስትራዎች ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያቀርቡትን ዓመታዊ ሰነድ ማየት ይጠቅማል፤ ከፍተኛ ተከፋዮቻቸው በስም ይዘረዘራሉ፣ ሰነዱም ለሕዝብ ክፍት ነው።

በእኛ አገር መጋረጃ የሚዘረጋው ለሌላ ነበር። ንጉሡ ማዕድ ላይ ሲቀመጥ ዓይን እንዳያየው ይጋረድ ነበር፤ የሚሸፈነው ትልቁ ሰው ነው። አዝማሪው ግን ማን እንደሆነ፣ ከየት ቤት እንደመጣ ሁሉም እያወቀ፣ ሙያውም ዘሩም አብሮ እየተናቀ ነበር ፊት ለፊት የሚጫወተው። ይህን ለታሪክ ወዳጆች ትቼ ወደ ተግባሩ ልለፍ፤ ለባንድ፣ ለመዘምራን ወይም ለባህል ቡድን ሰው የምትመርጡ ካላችሁ፣ የመጋረጃውን ሥርዓት በትንሽ ወጪ መትከል ይቻላልና።

መጀመሪያ ስሙ ነው። እኛ ዘንድ የአባት ስም ብቻውን ሃይማኖትንም ብሔርንም ሊያወራ ይችላል። ስለዚህ ከዳኝነት ውጪ የሆነ አንድ ሰው ማመልከቻዎቹን ተቀብሎ፣ ስምና ፎቶ ሸፍኖ፣ ቁጥር ሰጥቶ ያባዛ። ስሙና ቁጥሩ የተጣመሩበት ወረቀት በታሸገ ፖስታ ይቀመጥ። ቁጥሩ በምዝገባ ቅደም ተከተል ከሆነ ማን ማለዳ እንደመጣ ያየ ዳኛ ይገምታል፤ ዕጣ ይውጣ። ሁለት አንሶላ በገመድ ተሰቅሎ ይበቃል፤ ከኋላው መብራት ካለ ግን ጥላ ይታያል፣ መብራቱን ወደ ዳኞቹ በኩል ማዞር ነው።

ቋንቋችን አንድ ወጥመድና አንድ መውጫ አለው። «ጀምር» ወይም «ጀምሪ» ያለ አስተባባሪ ፆታውን ተናገረ፤ ከግሳችን ማምለጥ አይቻልም። በአክብሮት ከተናገረ ግን ይሸፈናል። «ቁጥር 16፣ ይጀምሩ»፣ «ቁጥር 16 ጨርሰዋል»። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅም ይሁን አንቱታው አይቅር።

መጋረጃው የማይሸፍነው ነገር እንዳለም ማወቅ ያስፈልጋል። ማሲንቆ ላይ የጎንደሩና የወሎው ሰው አገሳሰሱ ሊለይ ይችላል፤ የሰለጠነ ጆሮ ይሰማዋል። ዘፋኝ ደግሞ አነጋገሩ አገሩን ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ የሚረዳው የመመዘኛው ወረቀት ነው። ከፈተናው በፊት ተጽፎ ለተፈታኞች የሚሰጥ፤ የቅኝት ጥራት ስንት ነጥብ፣ ምት አጠባበቅ ስንት፣ ከሌላ ጋር አብሮ መጫወት ስንት። ሁሉም ተፈታኝ አንድ ዓይነት ዜማ ይጫወት፣ ለምሳሌ በትዝታ ቅኝት አንድ፣ በአንቺሆዬ አንድ፤ የመረጠውን ይጫወት ከተባለ ዳኛው የሚመዝነው ምርጫውን ነው። ዳኞቹ ከአምስት ባያንሱና ጎደሎ ቁጥር ቢሆኑ ጥሩ ነው፤ ዕድሜውና ዝናው የገነነ ዳኛ ካለ የእሱ ፊት ለሌሎቹ ውጤት ስለሚሆን ከመነጋገር በፊት ሁሉም ጽፎ ይስጥ። ተማሪው የተወዳደረበት ዳኛ በዚያ ዙር ድምፅ አይስጥ፤ አጨዋወቱን ከመጀመሪያው ጭረት ያውቀዋል። መጋረጃው በመጨረሻው ዙርም አይውረድ፣ የቡድኑ መሪ «አንዴ ፊቱን ልየው» ቢልም። ተተኪ ሆነው የሚጠሩት ሰዎች ስም ደግሞ በአንድ መዝገብ ላይ በተራ ይጻፍ፣ ማን መቼ እንደተጠራ በቀን።

ፖስታው የሚከፈተው ድምፁ ተቆጥሮ፣ ውጤቱ በቁጥር በቃለ ጉባኤ ሰፍሮ፣ ሁሉም ከፈረሙ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መጸዳጃ ቤት መሄድ የሚፈልግ ዳኛ ካለ አስተባባሪው ቀድሞ ወጥቶ ኮሪደሩን ያጽዳ፤ ተፈታኞቹ መሣሪያቸውን ይዘው የሚጠብቁት እዚያው ነው።